ፈሰስ የሌለው እርሻ

አባቴ ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ጎንደር እኔ ዘንድ ነው የሚኖሩት። ቀዬአችን ከአዲ አርቃይ በላይ ነው፤ ከመኪና ተወርዶ ግማሽ ቀን በእግር ይወጣል። ሐኪሙ ደግሞ ዳገት የሚባል ነገር ከልክሏቸዋል። እርሻውን አሁን ታናሽ ወንድሜ ያርሰዋል። እሳቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሰማዩን እያዩ «እዚያስ ዘንቦ ይሆን?» ይላሉ። ይህን ሲሉ አንጀቴን ይበሉታል።

እኔ ፒያሳ ስልክ እጠግናለሁ፤ ከሥራ ስመለስ የጌም ካርታ መሥራት እወዳለሁ። ነገሩ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ልሙጥ ሜዳ ይሰጥሃል፤ አንተ ማውዙን እየተጫንክ እዚህ ተራራ ታወጣለህ፣ እዚያ ገደል ትቆፍራለህ፣ ያልጣመህን ትደለድላለህ። እንዲህ ያለ ሥልጣን ሌላ ቦታ አላገኝም፤ ሱቄ ውስጥ እንኳ የሚታዘዘኝ ካቻቢቴዬ ብቻ ነው።

አንድ ቀን እርሻቸውን ሠርቼ ባሳያቸውስ አልኩ። እንደገና ሊያዩት የሚችሉበት ሌላ መንገድ አልታየኝም። ወንድሜ ከማዶ ቆሞ ፎቶ እያነሳ ላከልኝ፣ እኔም ሦስት ሳምንት ለፋሁ። ተራራውን አቆምኩ፣ ወንዙን አወረድኩ። ማሳው ላይ ስደርስ ግን አመሌ መጣ። ጎርበጥባጣ ነገር አልወድም፤ የአልጋ ልብስ እንኳ ተጨማዶ ካየሁ ሳልዘረጋው አላልፍም። በመደልደያው ብሩሽ አንዴ ሄድኩበት፣ ደገምኩት። ማሳው አንድ ስርጉድ ሳይቀረው ለጥ አለ። ኮራሁ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባቴን አጠገቤ አስቀመጥኳቸው። ተራራውን ወዲያው አወቁት፤ ሰላም ሊሉት ምንም አልቀራቸው። ከዚያ ማሳውን ለማየት ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ።

«ሸጋ ነው» አሉ በመጨረሻ። «የማን መሬት ነው?»

ክው አልኩ። «የእርስዎ ነዋ፣ አባባ!»

«የኔማ አይደለም። ምነው፣ ፈሰሱን የት አደረስከው?»

ፈሰስ ማለት ገበሬ ዘሩን ከዘራ በኋላ ጎርፍ እንዳይወስድበት ማሳው ላይ በሰያፍ የሚያወጣው ቦይ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እያየሁት ነው ያደግሁት። የከተማ ዓይን ይዤ ግን ፎቶው ላይ ያየሁትን መስመር ሁሉ እንደ ጉድፍ ቆጥሬ ደልድዬዋለሁ።

«ይኸ እኮ አንድ ዝናብ አይችልም» አሉ። «አፈሩ ተጠርጎ ጎረቤት ማሳ ላይ ነው የሚያድር። ኋላ ሽማግሌ ፊት ልትቆም ነው?»

አፈርኩ፤ ከፋኝም። ያን ሁሉ የለፋሁት መሬታቸውን እንዲያውቁት ነበር። አባቴ ግን ወንበራቸውን አስጠጉና ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። «በል፣ ከዚህ ጀምረህ ዝቅ አድርገው።»

ከሰዓቱ በዚሁ አለቀ። «ኧረ አታቁመው! ቁልቁል ከለቀቅከው ገደል ይሆናል። አጋድመው። እዚህ ጋ ቋጥኝ አለ፣ በላይ ዙረው።» እኔ እየሰረዝኩ ስደግም «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» እያሉ ይስቁብኛል፤ ከወንበሩ ግን ንቅንቅ አላሉም። ጎንደር ከመጡ ወዲህ ይህን ያህል ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። የመጨረሻውን ፈሰስ የማንም እህል ወደሌለበት ወደ ሣሩ አወጣነው።

ሲያልቅ እየተራመዱ እንዲያዩት ብዬ በማውዙ የምነዳውን የጌሙን ሰውዬ አስገባሁ። ሰውዬው ከወንዙ ተነስቶ ዳገቱን ወጣ፣ ማሳው ጫፍ ደረሰና ቀጥ ብሎ ገባበት።

አባቴ እጄን ማውዙ ላይ እንዳለ ጥርቅ አድርገው ያዙት።

«ቆይ እንጂ!» አሉኝ። «በዳር አሂደው፤ ተዘርቷል እኮ።»