ያልቆረጥኳት የቡራዩ ቅዳሜ

ይህን ነገር ሚስቴ አታውቀውም፤ የነፍስ አባቴም አልሰሙትም። ሁዳዴ በመጣ ቁጥር ሌላ ሌላውን ኃጢአት ዘርዝሬ እሱን ውጬ እመለሳለሁ። ዛሬ ያናገረኝ ጸጸት እንዳይመስላችሁ፤ ንዴት ነው። ሰዎች በጃንሆይ ጊዜ ከጃዝ ተጫዋቾች ጋር በሬዲዮ አደርገው የነበረውን ጭውውት እያነሱ "እንዴት ያለህ ጠያቂ ነበርክ" ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። ምን እንደሠራሁ ቢያውቁ ፊቴንም አያዩት።

ደቻሳ የሰበታ ልጅ ነው። አስር አለቃ ነበር፤ በጦር ኦርኬስትራ ውስጥ ሳክስፎን ይነፋል። በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለው ሙዚቀኛ ወታደር ነው፤ ሳክስፎኑም እንደ ጠመንጃው የመንግሥት ንብረት ነው። ያለ ፈቃድ ይዞት ወጥቶ መጠጥ ቤት የተጫወተ ይቀጣል። ይህን የማያውቅ ሙዚቀኛ አልነበረም። እኔም አውቅ ነበር። ልብ በሉልኝ፣ አውቅ ነበር።

ለጭውውቱ ስቱዲዮ ሲመጣ መጀመሪያ ላይ "አዎ ጌታዬ"፣ "ደህና ነው ጌታዬ" ከማለት በቀር አፉ አልፈታ አለ። ያለማመድኩት እኔ ነኝ። ሲጋራ ሰጠሁት፣ ስለ እናቱ ጠየቅኩት፣ ሳቅኩለት። ቀስ በቀስ ልቡን ከፈተና ቅዳሜ ቅዳሜ ቡራዩ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ጃዝ እንደሚጫወት ነገረኝ።

"ጦር ሰፈር የተጻፈልኝን ነው የምነፋው" አለ። "የት ጋ እንደምተነፍስ እንኳ ሌላ ሰው ወስኖልኛል። ቡራዩ ግን አንዱ ጓደኛዬ ይጀምራል፣ እኔ እሱን እየሰማሁ እመልስለታለሁ፤ ወዴት እንደምንሄድ ሁለታችንም አናውቅም። ሰው የሆንኩ የሚመስለኝ ያኔ ነው።"

ወዲያው ደነገጠ። ማይክሮፎኑን በእጁ ሸፍኖ "ጋሼ፣ ይቺን የቡራዩዋን ይቁረጡልኝ፣ አደራ" አለኝ። "እናቴ ትሙት፣ እቆርጣታለሁ" አልኩት። እኔ ነኝ በእናቴ የማልኩት።

ቆረጥኩ? በዚያ ጊዜ የተቀዳ ድምፅ የሚስተካከለው ቴፑን በምላጭ ቆርጦ ነው፤ ምላጬን ይዤ ቴፑ ፊት ተቀመጥኩ። የራሴን ሳል ቆርጬ አወጣሁ። የተንተባተብኩበትን ቆርጬ አወጣሁ። የእሱን ቃል ግን ተውኩት። ረስቼ ነው? አይደለም። መላልሼ ሰምቼው፣ ጥሞኝ ነው የተውኩት። አለቃዬ ጭውውትህ ጨው የለውም ይለኝ ነበር፤ ጨው ብዬ የጨመርኩት የሰው እንጀራ ነው።

ፕሮግራሙ በተላለፈ በሳምንቱ የኦርኬስትራው አዛዥ ሻለቃ አስጠሩኝ። ደቻሳ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆሟል፤ ሳክስፎኑ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሻለቃው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንዲያውም ሰበብ የሚፈልጉለት ይመስሉ ነበር። "ለቀልድ ያላችሁት ነው ወይስ እውነት?" ብለው ጠየቁኝ። ቀልድ ነው፣ በል ያልኩት እኔ ነኝ ብል ምን እሆን ነበር? ቢበዛ ተግሣጽ። ደቻሳ ዓይን ዓይኔን ያያል። እኔ ግን "እሱ ራሱ ነው የተናገረው ጌታዬ፤ እኔ ቀዳሁ እንጂ" አልኩ። ስለ አደራው ትንፍሽ አላልኩም። ሳክስፎኑን ቀምተው፣ ጠመንጃ አስይዘው ኦጋዴን አንድ የጠረፍ ጣቢያ ላኩት። ከዚያ ወዲህ ሳክስፎን ነፍቶ አያውቅም።

ከወራት በኋላ ሰበታ እናቱ ቤት ሄድኩ። እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቅ ነበር፤ ለራሴ እንደዚያ ነው ያልኩት። እማማ ጫልቱ ገና በር ላይ ስናገር ድምፄን ከሬዲዮ አውቀውት አቀፉኝ። ልጃቸው በሬዲዮ ሲናገር ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ መስማቱን፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው "የሙዚቀኛው እናት" እያለ እንደሚጠራቸው አጫወቱኝ። ማን እንዳስቀጣው አያውቁም፤ ደቻሳ አልነገራቸውም።

"ገለቶሚ፣ እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ስሙን ያስጠራህልኝ አንተ ነህ" አሉኝ። ቀጥለው እጄን ያዙና "አንተ ትልልቅ ሰው ታውቃለህ። አዛዡን ለምንልኝ፣ ልጄን መልሰው ሳክስፎኑን ይስጡት" አሉ።

እሺ እማማ፣ እለምናለሁ አልኩ።

አልለመንኩም። ብለምን ውሸቴን አፍርጬ መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ያኔ ደግሞ ስሜ መነሳት ጀምሯል። ልጅ ነበርኩ እንዳልል ልጅ አልነበርኩም። ፈርቼ ነው እንዳልል የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። እናንተም ዘመኑ ነው እያላችሁ አታጽናኑኝ፤ የዋሸው ዘመኑ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም።

ያን ቀን ልሄድ ስነሳ እማማ ጫልቱ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። አንደበትህን ይባርከው አሉ። እኔም ጎንበስ ብዬ አሜን አልኩ።