«ላም? አፈር?»

ባለፈው ሳምንት ሣጥን ሳራግፍ ከአሮጌ መጽሐፍ መሃል አንድ ደረቅ ካርድ ወደቀ። ወይቧል፣ ካምፎር ካምፎር ይሸታል፣ ከዳር እስከ ዳር በትናንሽ ቀዳዳ ተበሳስቷል። የሰጠችኝ የልጅነት ጓደኛዬ ነች፤ በአገራችን ለኮምፒዩተር ትእዛዝ ከጻፉት ከመጀመሪያዎቹ አንዷ። «ለመሣሪያው የምንጽፍለት ደብዳቤ ይኸውልሽ» ብላ ስትሰጠኝ ፈገግ አልኩ፤ ውስጤ ግን እርር ብሎ ነበር።

ቅናቱ የጀመረው አሰላ ነው፣ አንድ ዴስክ ላይ ስንማር። እኔ ከሸዋ የመጣ ባለሱቅ ልጅ ነበርኩ። እሷ የገብስ ነጋዴ ልጅ ስትሆን ከሁሩታ መጥታ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ነበር። አማርኛዋ ገና ይንገዳገዳል፤ እኔ ግን ኦሮምኛውን ከሱቃችን ደንበኞች ለቅሜ እንደ ውሃ እጠጣው ነበር። ከክፍሉ አንደኛም እኔው ነበርኩ፣ እሷ እስክትመጣ።

የማባዣ ሠንጠረዥ በቃሏ አታውቅም። አንዱን ቁጥር በእጥፍ እያሳደገች፣ ሌላውን በግማሽ እየከፈለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትቆይና መልሱን ዱብ ታደርገዋለች። እኔ እርሳሴን ቀርጬ ሳልጨርስ እሷ ጨርሳለች። ምን ልበልሽ፣ እጠላት ነበር። ምሳዬን ደግሞ ከእሷ ጋር ካልሆነ አልበላም።

አንድ ክረምት ሊገባ ሲል አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ለአንዲት ልጅ ቦታ ተገኘ። የዚያን ዕለት ከጭላሎ ተራራ በኩል የመጣው ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ክፍሉ ጠመኔና የረጠበ ጋቢ ይሸታል፤ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ግራጫ ነው። አስተማሪያችን የምትሄደውን ሊለዩ ሁለታችንን ሰሌዳው ፊት አቆሙንና እሷን፣ «አሥራ ስድስትን በሃያ ሦስት አባዢ» አሏት።

ዓይኗን ጨፈነች። «ላማ... አፉር... ሰዴት...» አለች በለሆሳስ። ሁለት፣ አራት፣ ስምንት ማለቷ ነው፤ ሃያ ሦስትን እጥፍ ባደረገች ቁጥር ስንት ጊዜ እንደደረሰ ስትቆጥር።

አስተማሪው ለአገሩ እንግዳ ናቸው፤ ኦሮምኛ አይሰሙም። «ላም? አፈር?» አሉ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «አንቺ ቋንቋቸውን ታውቂ የለ፤ ምን እያለች ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

አውቅ ነበር። እንዴት እንደምትሠራው እንኳ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ በጠጠር አሳይታኛለች፣ ለእኔ ብቻ።

«ላሞቻቸው ናፍቀዋት ነው፣ ጋሼ» አልኩ። አባቷ አንዲት ላም እንኳ አልነበረቻቸውም።

«ተቀመጪ» አሏት። መልሱ አፏ ላይ እንደቀረ ሄዳ ተቀመጠች። ለጋሼ ስመልስ አየችኝ እንጂ በሳቁና በዝናቡ መሃል ያልኩትን አልሰማችም። ቦታው የእኔ ሆነ።

ፈረድሽብኝ መሰለኝ፤ ፍረጂ። እሷ ግን አልቀረችም። ከዓመት በኋላ አጎቷ አዲስ አበባ ወስደው አስተማሯት፣ ውጭ አገር ደርሳ መጣች። እኔ የሰው ደብዳቤ በታይፕ ስመታ እሷ ወንዶቹን አስከትላ መሣሪያው ያለበት ክፍል ትገባ ነበር። መሣሪያውም የሚቆጥረው እንደ እሷ በሁለት በሁለት መሆኑን ስሰማ ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ።

አምና ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኋት። ድምጿ ደክሟል፤ አማርኛዋ ከእኔ ይበልጥ ሰልቷል።

«ያን ቀን ሁሉም ሲስቅብኝ» አለችኝ፣ «ለእኔ ቆመሽ የተናገርሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ጋሼ ባይሰሙሽም። አላህ ይስጥሽ ሳልልሽ ኖርኩ።»

«ኧረ እኔ ምን አደረግሁልሽ» አልኳት።

ትሕትና መሰላት። እጄን ሳብ አድርጋ ሳመችው።