ዋጋ የማትቀንሰዋ ልጅ

አጎቴ ጎጃም በረንዳ ሱቃቸው ውስጥ ሲጋራ ባማራቸው ቁጥር፣ ማጨስ ለማቆም በነጻ ወደሚረዳው የስልክ መስመር ይደውሉ ነበር። ከአማካሪዋ ጋር እንደ መርካቶ ሰው ይከራከራሉ።

«ልጄ፣ የመጨረሻውን ንገሪኝ፤ አንድ ብቻ?»

«አንድም የለም፣ ጋሼ።»

«እንዲህ ድርቅ ያለች ነጋዴ አይቼ አላውቅም!» ብለው እየሳቁ ይዘጉታል። አያጨሱም።

ፊት ለፊት ያለው ሲጋራ አከፋፋይ ግን ለኩሶ አፍንጫቸው ሥር ያቀርብላቸው ነበር፤ «አንዷ አትገድልም!» እያለ። እሳቸው ግን አይቀበሉትም።

ከብዙ ዓመት ማጨስ ሳንባቸው ቀድሞ አልቆ ነበርና ሞቱ። አከፋፋዩ ለቅሶ መጥቶ ከሁላችን አብልጦ አለቀሰ። የድሮ ደንበኛ ማጣት ያማል።

አሁን ደጃፍ ላይ ባለው ባዶ ወንበራቸው እኔ ተቀምጬ፣ ሲጋራ ሊገዛ ለመጣ ሁሉ የነጻውን ስልክ ቁጥር ጮክ ብዬ እናገራለሁ።

«ወንድሜ፣ ገበያዬን ገደልከው፤ በቃ ተወኝ!» ይለኛል አከፋፋዩ።

መተው የቻሉት አጎቴ ናቸው። እኔ አልተውም።