አንድ ጊታር ለሁለት

ጊታሩ አንድ ነበር፣ እኛ ሁለት። የጓደኛዬ እህት ከአረብ አገር ስትመለስ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ያመጣችው ጥቁር ኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ስለዚህ ተራ እንገባ ነበር። መብራት ባለ ቀን ጓደኛዬ ጊታሩን ስፒከሩ ከተቀደደ አሮጌ ቴፕ ጋር ያገናኘዋል፤ ቀዳዳው ድምፁን ሻካራ ስለሚያደርገው ለሄቪ ሜታል ሌላ መሣሪያ አላስፈለገንም። ከበሮው ከሱ ስልክ ይመጣል። ከባዱንና የሚደጋገመውን ክፍል እሱ ሲመታ የኔ ስልክ ይቀዳዋል። ከዚያ ጊታሩን ያቀብለኛል፤ እኔም የተቀዳውን ከፍቼ በላዩ ላይ፣ ምንም ሳልዘጋጅ፣ ሶሎ እጫወታለሁ።

የመጨረሻው ቅጂ ዘጠኝ ደቂቃ ነው። መጀመሪያው ላይ የጓደኛዬ ድምፅ አለ፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ይላል። ጥቂት ዙር ከመታ በኋላ ደግሞ «በል፣ ያንተ ተራ ነው» ይላል። መካከል ላይ አንድ ጊዜ እጁ ይቆማል፤ ወዲያው ይቀጥላል። ስህተት መስሎኝ ስቄበታለሁ። ስጫወትም እዚያች ቦታ ላይ ስደርስ እንዳትታወቅ በፍጥነት እሸፍናት ነበር።

የምሸፍነው እሷን ብቻ አልነበረም። በዘጠኙ ደቂቃ ውስጥ ዝም ያልኩበት ቦታ የለም። ግጥም ስጽፍም እንዲሁ ነኝ፤ ባዶ መስመር ያስፈራኛል። ጣቶቼ ይሮጣሉ፣ ሳላስበው አንቺ ሆዬ ቅኝት ውስጥ ይገባሉ፣ ደንግጠው ይወጣሉ።

«ቀስ በል እንጂ» ይለኝ ነበር። «አውድማው ላይ ዝናብ የመጣበት ገበሬ መሰልክ እኮ።»

«አንተ እንደ በሬ አንድ ቦታ ስትዞር ማን ይሩጥ ታዲያ?»

«የሚያበራየው በሬው ነው፤ አንተ ገለባ በታኝ!»

በክረምቱ መግቢያ ሆዱን አመመው። ሐኪሞቹ ባሕር ዳር ሄዶ ቀዶ ጥገና ይደረግለት ብለው ጻፉለት። መንገዱ ተዘግቶ ነበር። በአራተኛው ቀን ተከፈተ፤ እሱ የሞተው በሦስተኛው ነው።

እናቱ አልቃሽ ናቸው። የጉና ሰው ሳይቀር በቅሎ እየላከ የሚያስመጣቸው፣ ለማያውቁት ሬሳ ሙሾ አውርደው ባዳውን ሁሉ የሚያስነቡ ሴት ናቸው። በልጃቸው ቀብር ሕዝቡ ክብ ሠርቶ ጠበቃቸው። አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። ደግመው ከፈቱና ዘጉት።

«የሰው ቤት ሲሆን ታስለቅሰናለች» አለች ከኋላዬ የቆመች ጎረቤታቸው። «ለገዛ ልጇ ነፈገችው።»

በሳምንቱ አስጠሩኝ። መደባቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ደርቋል።

«ልጄ ማንም እንደሌለው ሳይለቀስለት ገባ» አሉ። «አርባውም እንዲህ ካለፈ ሞቼም አላርፍ። አንተ ግጥም ትጽፋለህ አሉ። ለአርባው የምለውን ስጠኝ።»

ሦስት ቀን ጽፌ አራት ገጽ ይዤ ሄድኩ። አንብቤ ስጨርስ እጃቸውን አገጫቸው ላይ እንዳደረጉ ናቸው።

«ይሄ ስለ አንተ ነው» አሉ።

ወረቀቱን አጥፌ የልጃቸው ድምፅ ስልኬ ውስጥ እንዳለ ነገርኳቸው። ስልኩን በርጩማው ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ሲል ጉልበታቸውን ጨበጡ። ከዚያ የጊታሩ መዓት ወረደ፤ ደጃፉ ላይ ስትጭር የነበረች ዶሮ ሸሸች።

«ይሄ ሁሉ ከልጄ እጅ ነው የወጣ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ከማን ተጣልቶ ነው?»

«ከማንም።»

«አንተስ ምን ትሠራ ነበር?»

ጊታሩን ከግድግዳው ላይ አወረድኩ። መብራት ስላልነበር ድምፁ እንደ ትንኝ ቀጭን ነው። እንደለመድኩት መሮጥ ጀመርኩ። ብዙም ሳልቆይ እጃቸውን አነሱ።

«ዝም በል! ልጄን ሸፈንከው እኮ። አልቃሽ አንድ ስንኝ ትጥልና ተቀባዩን ትጠብቃለች። አንተ ማንን ትጠብቃለህ? ተቀባይህ እሱ አይደል? በል፣ ከመጀመሪያው።»

እንደገና ከፈትኩት። ትንሽ ተጫውቼ አቆምኩ። የሱ ዙር መጣ፣ ሄደ። ደግሞ ትንሽ ተጫውቼ አቆምኩ። ሦስተኛው ክፍተት ላይ እሳቸው ገቡበት። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፦

ክሩን ሲነካካው፣ ያለቅስ ነበረ፤
ጣቱ አፈር ገብቶ፣ ክሩ ብቻ ቀረ።

የልጃቸው ከባድ ዙር ተከትሎ ተቀበላቸው። ደገሙት። እንባቸው ያን ጊዜ መጣ።

«ለአርባው ይኼን እላለሁ» አሉ ፊታቸውን እየጠረጉ። «ጊታሩ አንተ ጋ ይቀመጥ፤ ስልክህን ይዘህ ና። ያን ጆሮ ውስጥ የምትሰኩትን ማዳመጫ አንዱን ጆሮዬ ላይ ታደርግልኛለህ፤ በነጠላዬ እሸፍነዋለሁ። ያለ እሱ አይወጣኝም።»

በአርባው ሰሞን መብራት ከጠፋ ቀናት ሆኖት ነበር። ዋዜማውን ጄኔሬተር ካለው ወፍጮ ቤት ሄጄ ስልኬን ሞላሁ። በማግስቱ ጠዋት፣ ድንኳኑ ወደተጣለበት ቤት ከመሄዴ በፊት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልጫወትበት አልኩ። ክፍተቶቹን ጠብቄ ተጫወትኩ፤ አማረ። ደገምኩት። ሠለስኩት። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ክፍተቶቹን ረስቼ እንደ ድሮው ሮጥኩ፤ ጣፈጠኝ። የስልኬን ባትሪ አላየሁም።

ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ ሴቶቹ እናቱን ከበቧቸው። ሁሉም የሚጠብቀውን ያውቃል። አጠገባቸው አስቀምጠውኝ ስለነበር በነጠላቸው ሥር እጃቸውን ዘረጉልኝ። ስልኩን ነካሁት። ብልጭ አለና ጠፋ።

«ምነው?»

«ባትሪው አለቀ፣ እማማ።»

«ትናንት ሞላሁት አላልከኝም? ምን ጨረሰው?»

«ተጫወትኩበት።»

አላዩኝም። ተነስቼ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሮጥኩ። ስልኩ ነፍስ እስኪዘራ እጄን የዱቄት ጆንያ ላይ አስደግፌ ቆምኩ፤ ሲነቃ ነቅዬ ዳገቱን ወጣሁ። ሰዉ እየወረደ አገኘሁት። ያቺ ጎረቤት ነጠላዋን እያስተካከለች «ዛሬም ነፈገችው» ስትል ባጠገቧ አለፍኩ። ስንኙን አውቀዋለሁ፤ ቆሜ ልነግራት እችል ነበር። አልነገርኳትም።

ወንዶቹ የድንኳኑን ገመድ እየፈቱ ነው። እናቱ ከነበሩበት አልተነሱም።

«ይኸው፣ እማማ።»

«አሁን ለማን?» አሉ። ቢሆንም ጆሯቸውን ሰጡኝ። ዘጠኙን ደቂቃ ሙሉ አፋቸውን ሳይከፍቱ ሰሙ። ሲያልቅ ከመካከል መልሼ እንዳሰማቸው አዘዙኝ፤ ከዚያ ሌላኛውን ማዳመጫ እኔ ጆሮዬ ላይ እንዳደርግ በጣታቸው አመለከቱኝ።

እጁ የሚቆምባት ቦታ መጣች። ከተቀዳች ወዲህ እኔ ሳልጫወትባት ሰምቻት አላውቅም። ከበሮው ብቻውን ይሄዳል፤ ከሥሩ ጥርስ ተነክሶ የተያዘ ማቃሰት አለ።

«ያን ጊዜም አሞት ነበር?»

«አላወቅኩም።»

«አጠገቡ አልነበርክም?»

ነበርኩ። ተራዬን እየጠበቅኩ ነበር።