ቆሎ የተበላለት ሾፌር

ኢዮስያስ ልብ ወለድ መጻፍን የተማረው ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ጅማ ከተማ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ጃንጥላ ዘርግቶ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ሲጽፍ ዓመታት አሳልፏል። ባለጉዳዩ እያለቀሰ ያወራል፣ እሱ ይጽፋል፤ የከሳሽ ስም ከላይ፣ በደሉ ከመካከል፣ ልመናው ከታች። መዝገብ ቤቱ ሳይዘጋ መድረስ አለበትና እጁ ቆሞ አያውቅም። የጻፈውን መልሶ ማንበብም አልለመደም። እሱ ልመልከተው ሲል ቀጣዩ ባለጉዳይ ጀርባው ላይ ቆሞ ይተነፍሳል።

በኋላ ሚስቱ ታቢታ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፈተች። እሁድ ከጸሎት ቤት መልስ ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ፣ ኢዮስያስ ጎኑ ተቀምጦ ስለ አንድ የቡና ጫኝ መኪና ሾፌር መጻፍ ጀመረ። ሾፌሩን ልዑል አለው። እጁ እንደ ልማዱ ፈጠነና ማመልከቻ የሚያህለው ነገር መጽሐፍ ወጣው። በራሱ ወጪ አሳትሞ፣ መናኸሪያው ጋ መጽሐፍ ለሚያዞረው ለዳግማዊ ሰጠው። አለቀ። ሁለተኛው ክፍል መጣ፤ እሱም አለቀ። ከዚያ በኋላ ዳግማዊ አላስቀመጠውም።

«ብራዘር፣ ተሳፋሪ ስምህን የሚያስታውሰው አውቶቡሱ እስኪሞላ ነው» ይለዋል። «ሳይረሳህ ሌላ አምጣ።»

«ጥራቱስ?»

«ጥራት ለሠርግ ልብስ ነው። አንተ የምትሸጠው የመንገድ ስንቅ ነው።»

ታቢታ ደግሞ በሌላ በኩል ናት። ሆሳዕና ያደገች፣ ለሕፃናት የእሁድ ትምህርት የምታስተምር ሴት ናትና የዘር ሐረግ አትስትም። ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ረቂቁን የምታነበው እሷ ናት።

«ኢዮሲ፣ ይቺ ልጅ እዚህ ጋ ነፍሰ ጡር ነበረች። ጽንሱ የት ሄደ?»

«ይወለዳል።»

«መቼ? መጽሐፉ እኮ አልቋል።»

«በሚቀጥለው።»

ኢዮስያስ ሰነፍ አልነበረም፤ ግድ የለሽም አልነበረም። ቀስ ብሎ የሚጽፈው፣ ማንንም ይቅርታ የማይጠይቅበት አንድ መጽሐፍ እንዲኖረው ከልቡ ይመኝ ነበር። ምኞቱን ለሚቀጥለው ክረምት ያሳድረዋል። ክረምቱ ሲመጣ ዳግማዊም አብሮት ይመጣል።

ከአንባቢዎቹ ሁሉ የሚሳሳላቸው አጋሮ ያሉትን ነበር፤ ለዚያውም አብዛኞቹ ፊደል ያልቆጠሩ ናቸው። በአንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው የሚለቅሙ ሴቶች ናቸው። እጃቸው ሥራ ላይ ነው፣ ጆሯቸው ግን ነፃ ነው። አሥረኛ ክፍል የጨረሰችው ፈሂማ ከመካከላቸው ተቀምጣ የኢዮስያስን መጻሕፍት ታነብላቸዋለች፤ አማርኛው ሲከብድ በኦሮምኛ ታፍታታዋለች። የእሷን ድርሻ ሌሎቹ ተከፋፍለው ይለቅሙላታል።

በአራተኛው ክፍል የልዑል መኪና ከድልድይ ተወርውሮ ጎጀብ ወንዝ ገባ። መጋዘኑ ውስጥ ያን ቀን ብዙ ጥቁር ፍሬ ሳይለቀም አለፈ። በማግስቱ የሁሉም ታላቅ የሆኑት እማማ ሀዋ በነጠላቸው ጫፍ ቆሎ ቋጥረው መጡ። በምሳ ሰዓት ሰሌን ተነጠፈ፣ ጫማ ወለቀ፣ ቆሎው ዞረ።

«አላህ ይማረው» አሉ እማማ ሀዋ።

«ልዑል እኮ ክርስቲያን ነው» አለች አንዷ።

«እና? ይማረዋ። ምን ይጎድልብሻል?»

ይህ ወሬ በሚኒባስ ሾፌር አፍ ጅማ ደረሰ። ኢዮስያስ በደስታ ጊንጆን ሙሉ አዳረሰ። ማመልከቻ በሚጽፍበት ዘመን ዳኛ ለባለጉዳዩ ሲያዝን እንኳ አይቶ አያውቅም፤ አሁን ለፈጠረው ሰው ለቅሶ ተቀምጠውለታል። ከዚያ ወዲያ በየመጽሐፉ ጀርባ ላይ የራሱን ስምና ስልክ ቁጥር በትልቁ ማጻፍ ጀመረ።

ከዚያም ረሳው። አምስተኛው ክፍል ስለ ልዑል ታናሽ ወንድም ነበር። ስድስተኛው ላይ ሠርግ መጣ፤ ዳግማዊ የቡና ገበያተኛው ወደ አገሩ ሳይበተን ይድረስልኝ ብሎ ሰቅዞ ይዞታል፤ ታቢታ ለእህቷ ሠርግ ሆሳዕና ሄዳለች። ከሠርገኞቹ መሃል ተነስቶ ሙሽራዋን የሚያመሰግን ሰው ሲያስፈልግ፣ እጅ የለመደውን ስም ጻፈ። ልዑል ቁርጡን በልቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ ሙሽራዋን አመሰገነ። መጽሐፉ ታተመ።

ፈሂማ ደወለች።

«ጋሽ ኢዮስያስ፣ እማማ ሀዋ ይምጣልን ብለዋል።»

«በሰላም ነው?»

«ልዑል ተነስቷል። እኛ ደግሞ ቆሎ በልተንለታል።»

ኢዮስያስ «የሕትመት ስህተት ነው» አለ።

«ሰው በሕትመት ስህተት ቁርጥ አይበላም፣ ጋሽ ኢዮስያስ።»

አጋሮ እስኪደርስ በሚኒባሱ መስኮት ያየው ነገር የለም። የመናኸሪያው አንባቢ መጽሐፉን ጨርሶ ወንበር ላይ ጥሎት ይወርዳል። ያለቀሱለት እነዚህ ብቻ ናቸው። እነሱ ከተዉት ዳግማዊ ሌላ ደራሲ አያጣም፤ እሱ ግን ለማን እንደሚጽፍ አያውቅም።

ሴቶቹ ሰፌዳቸውን ሳያስቀምጡ ተቀበሉት። እማማ ሀዋ ባዶ ጆንያ አጥፈው መቀመጫ አደረጉለት።

«ተቀመጥ፣ ልጄ። የእድራችንን ደንብ ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ እማማ።»

«የዚህች የጎረቤቴ ልጅ ዓረብ አገር ሞተ ተብሎ ተለቀሰለት። ከዓመት በኋላ ሻንጣ ይዞ መጣ። ያን ጊዜ ነው የወሰንነው። ተለቅሶለት የተመለሰ ሰው፣ ለቀስተኛውን ያበላል።»

ኢዮስያስ የመጣው ተዘጋጅቶ ነበር። «አስተካክዬ አሳትመዋለሁ» አለ። «ልዑልን ከሠርጉ አወጣዋለሁ። እንደሞተ ይቀራል።»

የሰፌዱ ድምፅ ቆመ።

«ልትገድለው?» አለች ፈሂማ።

«ሞቷል እኮ!»

«ሙሽራዋን ሲያመሰግን ራሴ አንብቤያለሁ።»

«ለአንድ ሰው ሁለቴ አይለቀስም» አሉ እማማ ሀዋ። «እንባ ውኃ አይደለም። ይኑር። እናቱም ደስ ይበላት። አንተ ግን ታበላለህ። ለሌላ ጊዜ ደግሞ ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳለ እወቅ።»

ሥጋ ለሁሉም አይሆንምና በዳቦና በገራ ወረዳ ማር ተስማሙ። ኢዮስያስ ታቢታ የጋገረችውን ድፎ ተሸክሞ ተመልሶ መጣ፤ ለቀስተኞቹ በሉ፤ ልዑልም በሕጋዊ መንገድ ከሙታን ተነሳ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢዮስያስ ሌላ ሰው ሆነ። ሰባተኛውን ክፍል ቀስ ብሎ እንደሚጽፍ ለዳግማዊ ነገረው። ዳግማዊ በኀዘን አየው፤ ሲውል ሲያድርም በመደርደሪያው ላይ የእሱን ቦታ ለሌላ ሰጠው። ኢዮስያስ ከሐሳቡ አልተመለሰም። አንድ ገጽ ጽፎ ለታቢታ ያነብላታል። ይሰርዛል። መልሶ ይጽፋል። ከሦስተኛው ክፍል ጀምሮ የጠፋው ጽንስ በደህና ተወለደ። የልዑል እናት ቆንጂት፣ ልጇ ከተመለሰ በኋላም ደራሲው ዘንግቷት በጥቁር ልብስ ቀርታ ነበር፤ ልብሷን አስወለቃት። ክረምቱ ወጣ፣ የቡና ለቀማው ገባ፣ ክረምቱ ተመልሶ መጣ። በመጨረሻ ታቢታ ረቂቁን ዘግታ «አንድም እንከን የለበትም» አለችው። ፊቷን ልብ ብሎ ቢያየው ጥሩ ነበር፤ እሱ ግን ቃሏን ብቻ ሰማ።

ከመታተሙ በፊት አጋሮ ወስዶ ለፈሂማ ሰጣት። አንብባላቸው ስትጨርስ ጠሩት።

ሴቶቹ በጣም ጠንቅቀው እየለቀሙ ነበር። አንዲት ጥቁር ፍሬ አታመልጣቸውም። ይህን ሲያይ ልቡ ጥሩ ነገር አልነገረውም።

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው» አለች ፈሂማ።

«ስህተት አገኛችሁበት?»

«የለበትም።»

«እና?»

አንዷ ከወዲያኛው ጥግ፣ ቀና ሳትል፣ «ሰው የሚሞተው መቼ ነው?» አለች።

ኢዮስያስ መጽሐፉን በሐሳቡ ከዳር እስከ ዳር ገለጠው። ማንም አይሞትም። ማንም አያስለውም። የልዑል መኪና ጎማ እንኳ አይተነፍስም። ዓመቱን ሙሉ ሲጠነቀቅላቸው ኖሮ፣ ሁሉንም በደህና አስገብቶ በር ዘግቶባቸዋል።

«እኛን ፈርተህ ነው፣ ልጄ?» አሉ እማማ ሀዋ።

ለጥራት ብዬ ነው ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። «አዎ» አለ።

«እኔ ደግሞ» አሉና የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ፊት አመጡት። «ይኸው፣ ንባቡ የተጀመረ ዕለት የቆላሁትን ቆሎ ይዤ እመጣለሁ። እንደ ቋጠርኩት ይዤው እመለሳለሁ። ዛሬማ ለዘዘ።»

«ታዲያ ማን ይሙት?»

መጋዘኑ ተንጫጫ።

«መጽሐፉ ውስጥ ያለው ደላላ።»

«ደላላ ቢሞት ማን ያለቅሳል? ሠርግ ነው የሚሆነው።»

«ልዑልስ?»

«ልዑል አይነካም። ዳቦ በልተንበታል።»

እነሱ ሲከራከሩ ኢዮስያስ የፈሂማን እስክሪብቶ ተቀብሎ፣ የመጨረሻውን ገጽ ገልብጦ፣ ጆንያ ላይ ተደግፎ ጻፈ። እጁ እንደ ፍርድ ቤቱ ዘመን ፈጠነ። አንድ ጆንያ ቡና ተለቅሞ ሳያልቅ እሱ ጨረሰ። ታቢታ በኋላ ይህችን ገጽ አንብባ፣ ዓይኗን ጠርጋ፣ «ይቺን ለመጻፍ ስንት ወር ፈጀብህ?» ብላ ጠይቃዋለች።

ፈሂማ ተነስታ አነበበች። ቆንጂት በደህና ቀን፣ ፀሐይ በሞላበት ቤት፣ ልጇ መኪናውን ውጭ ሲያጥብ እየሰማች ሞተች። ሴቶች አልጋዋን ሲያነሱ ትራሷ ሥር ጥቁር ልብሷን አገኙት፤ ታጥቦ፣ ታጥፎ። ልጇ የተመለሰ ቀን አውልቃው ነበር። አልጣለችውም። የሰጠ ጌታ መልሶ ቢወስድብኝ ብላ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ተኝታበት ኖራለች።

ፈሂማ ወረቀቱን አጥፋ ተቀመጠች። እማማ ሀዋ ግን እጃቸውን ከነጠላቸው ቋጠሮ ላይ አሳርፈው፣ ገና አልፈቱትም፤ ኢዮስያስን ያዩታል።

«ይቺኛዋ አትነሳም አይደል?»

«አትነሳም፣ እማማ።»

«ሀዬ፣ እሺ» አሉና ቋጠሮውን ፈቱት። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሱት።