አቴ መልሳ የማለችበት ቅዳሜ

ፊሊፒኖች ታላቅ እህታቸውን «አቴ» ይላሉ። እዚህ አሜሪካ በምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ያለችው ፊሊፒናዊት ነርስ ለሁላችንም አቴ ናት፤ ለጃማይካዊቷም፣ ለሶማሊያዊቷም፣ ለእኔም። እትዬ እያልኩ ያደግሁ ሰው አቴ ለማለት ምን ይቸግረኛል? ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ ሽማግሌ የምሳውን ሾርባ ልብሴ ላይ ደፍተውብኝ፣ መጸዳጃ ቤት ተደብቄ ሳለቅስ ያገኘችኝ እሷ ናት። ልብሴን አስቀይራ፣ ከራሷ ሩዝ አካፍላ፣ «በይ ተነሺ፣ እሳቸውም ነገ አያስታውሱትም» ብላ ወደ ሥራዬ መለሰችኝ። እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

አንድ ነገሯ ብቻ ያበሽቀኝ ነበር። ምርጫ በመጣ ቁጥር ፈቃድ ትወጣለች። የአገር መሪ ምርጫ ይሁን የትምህርት ቤት ቦርድ፣ አቴ የለችም፤ ክፍተቷን የምንሞላው እኛ ነን። ቤቷ ተኝታ የምትውል ይመስለኝ ነበር። ቆይቶ ሲገባኝ፣ ለካ ምርጫ ጣቢያ ልትሠራ ነው የምትሄደው! ገና ሳይነጋ ገብታ፣ ጠረጴዛ ይዛ የመራጮችን መታወቂያ ስታይ ትውላለች።

«እናቴ አስተማሪ ነበረች» አለችኝ ምክንያቷን ስጠይቃት። በእነሱ አገር በምርጫ ቀን ጣቢያውን የሚይዙት፣ ድምፅ የሚቆጥሩት የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪዎች ናቸው። የመንደሩ ሰው እናቷን ያከብራት የነበረው ከማስተማሯ ይልቅ የድምፅ ሣጥኑን ለማንም አሳልፋ ባለመስጠቷ ነው አለችኝ። እኔ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ለዚህ ብላ ፈቃዷን የምታባክን ሴት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ትንሽ ሞኝ መሰለችኝ።

በዚያው ሰሞን እኔም የራሴ ጣጣ ነበረብኝ። የዜግነት ፈተናውን አልፌ መሐላው ብቻ ቀርቶኛል፤ አንዴም ቀኑን አስለውጫለሁ።

«ድጋሚ ሪስኬጁል ልታደርጊው ነው እንዴ?» አለኝ ባለቤቴ። ኮሌጅ ፓርክ ካለው የኤርፖርት ሥራው ገብቶ ጫማውን እያወለቀ ነበር።

«አላውቅም።»

«እኔ ከማልኩ ስንት ዘመኔ፤ ምን ሆንኩ? ያው እኔ ነኝ።»

«አንተማ ድሮም ያው ነህ» አልኩት። እሱ ሳቀ።

መሐላ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። «እናቴ ትሙት» ባልኩ ቁጥር አፌን በመዳፏ የምትለኝ እናት ናት ያሳደገችኝ። አሁን ቀኝ እጄን አንስቼ የቀድሞ አገሬን ትቻለሁ ልበል? የእኛ ሕግ ደግሞ ሁለት ዜግነት አያውቅም። የማለ ሰው ፓስፖርቱን ይመልስና፣ ከፈለገ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነህ የሚል ቢጫ መታወቂያ ያወጣል። በቢጫዋ መግባት፣ መኖር፣ መሥራት ይቻላል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይቻልም። የፈራሁት ይህንኑ ነው፦ ከዚያ ተፍቄ፣ እዚህ ደግሞ በእንግድነት እቀራለሁ ብዬ ነው የፈራሁት።

አንድ ቅዳሜ አቴ ኖርክሮስ ድረስ እንዳደርሳት ለመነችኝ። ሃይዌይ መንዳት ትፈራለች። የቆንስላቸው ሰዎች ከሌላ ከተማ መጥተው አንድ አዳራሽ ውስጥ ጉዳይ ሊያስፈጽሙ ነው። አቴ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ጸጉሯን ተሠርታ ብቅ ስትል «ፓስፖርት ለማሳደስ ይህ ሁሉ?» ብዬ ቀለድኩባት። ፈገግ ብላ መኪናው ውስጥ ገባች።

አዳራሹ የሰርግ ቤት ነው የሚመስለው። ልጆች ይሯሯጣሉ፤ በአንድ ጥግ ሩዝና ፓስታ የመሰለ ቀጭን ምግባቸው ተደርድሯል። ጉዳዩን የጨረሰ ሰው ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ዞሮ ሽማግሌ ይደግፋል፣ ወንበር ያቀብላል፣ ዓይኑ ለደከመ ያነብለታል። ማንም አላዘዛቸውም። አንዲት ልጃገረድ መጥታ እጄን አነሳችና ግንባሯ ላይ አስነካችው። ደነገጥኩ። ለካ ለታላቅ የሚሰጡት ሰላምታ ነው። አፌ ቀደመኝና «እደጊ፣ ተባረኪ» አልኳት በአማርኛ፤ የገባት መሰለኝ።

ከዚያ እነ አቴ ተጠርተው ባንዲራቸው ፊት ቆሙ። ቀኝ እጃቸውን አንስተው አንድ ላይ ማሉ። አጠገቤ የተቀመጡትን አዛውንት ምን እያሉ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«አሜሪካዊ ስንሆን ያጣነውን ዜግነት መልሰው እያገኙ ነው» አሉኝ። «ከዛሬ ጀምሮ የሁለቱም ዜጎች ናቸው።»

እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ። መቅናት ብቻም አይደለም፣ ተናደድኩ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲነቀል ባንዱ ተንጠልጠል» የሚለው የእኛ ሰው ነው፤ ተረቱ የእኛ፣ ሕጉ የእነሱ!

መኪና ውስጥ ገብተን አቴ ከአዳራሹ የቋጠረችውን፣ ሳምቡሳ የመሰለ ጥብስ ጥቅል ስታቀብለኝ ገነፈልኩባት።

«ለአንቺ ቀላል ነው። አገርሽ መልሶ ይቀበልሻል፤ የእኔ በሩን ይዘጋብኛል።»

የአፏን ዋጠች። «አሜሪካዊ የሆንኩ ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ» አለች።

«ታዲያ ለምን ማልሽ?»

«ምርጫ ጣቢያ ለመቀመጥ ዜጋ መሆን ነበረብኛ።»

«የዛሬውስ?»

«እናቴ አምና እስክትሞት ድረስ በእያንዳንዱ ምርጫ ማግስት ትደውልልኝ ነበር። ‹ሣጥኑን ጠበቅሁ፣ ቆጠርኩ፤ ያንቺ ግን ውስጡ የለም› ትለኝ ነበር። ጡረታ ከወጣች በኋላም አልተወችኝም። ከእንግዲህ እዚሁ ሆኜ መምረጥ እችላለሁ፤ የእኔም ይኖርበታል። ለእሷ ነው ያደረግሁት።» ዓይኗን በቀሚሷ እጅጌ ጠረገች። ከዚያ ዘወር ብላ «አንቺስ፣ አሁን የት ነው የምትመርጪው?» አለችኝ።

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ። እዚያ? ከወጣሁ ወዲህ በምርጫ ቀን ተገኝቼ አላውቅም። እዚህ? አይፈቀድልኝም።

«የትም» አልኳት።

አቴ አልመከረችኝም። ሌላ ጥቅል አቀበለችኝና ቀበቶዋን አሰረች። እኔ ግን መንገዱን ሁሉ እዚያው ቃል ላይ ቀረሁ። እንዳይወሰድብኝ የምሳሳለትን መብት አንድ ቀን እንኳ ሳልሠራበት ስንት ዓመት ኖሬያለሁ! አፈርኩ፤ አዘንኩም።

ማልኩ። አለቀስኩ። ፓስፖርቴን ስመልስ እጄ ከብዶኝ ነበር፤ አሁንም ሳስበው ያመኛል፣ አልዋሽም። የእኛም ሕግ አንድ ቀን ልቡ እንዲራራ እጸልያለሁ።

የመጀመሪያ ምርጫዬ ሲደርስ ደግሞ አቴ የተመደበችው እኔ በምመርጥበት ጣቢያ ሆነ፤ ፓይን ሌክ፣ ቤቴ አጠገብ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ባደግሁበት አገር መሥሪያ ቤት የሚሄድ ሰው አስቀድሞ «ውስጥ ሰው አለሽ?» ነው የሚባለው። እኔ ደግሞ ሰው ኖሮኝ አያውቅም፤ ዕድሜዬን ሙሉ «ነገ ተመለሺ» ስባል የኖርኩ ነኝ። አሁን ግን ሰው አለኝ! ድፎ ዳቦ ጋገርኩ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለልኩ፣ ነጠላዬን አጣፋሁ። ሰልፉ እስከ መኪና ማቆሚያው ወጥቷል። በጎኑ አልፌ ቀጥ ብዬ ገባሁና «አቴ!» ብዬ ልስማት ጎንበስ አልኩ።

አቴ ብድግ አለች። አልሳመችኝም።

«እሜቴ፣» አለችኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ምግብ እዚህ አይታደልም። እባክዎን መኪናዎ ውስጥ ያስቀምጡትና ከሰልፉ መጨረሻ ይጀምሩ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዳቦዬን ታቅፌ ወጣሁ፤ ዞሬ ቤቴ ልገባም ቃጥቶኝ ነበር። «ነጠላዬን ለብሼ ልዋረድ?» አልኩ ለራሴ። ግን ስንት አምጬ የማልኩት ለዚህ ቀን ነው፤ ዳቦውን ወንበሩ ላይ ወርውሬ ተሰለፍኩ። ከፊቴ ሙሉ ልብስ የለበሰ ጠበቃ መሳይ ሰውዬ፣ ከኋላዬ ሱሪው የቀለም ጠብታ የሞላበት ሠራተኛ አለ። ሰውዬው ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል፤ ቢሆንም ማንም አላሳለፈውም። እንደ እኔው ቆሞ ተራውን ጠበቀ።

ተራዬ ደረሰ። አቴ መንጃ ፈቃዴን ተቀበለች፣ ፎቶውን አየች፣ ፊቴን አየች። ስሜን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ስንት ጊዜ የበላችበትን ቤት አድራሻ ጠየቀችኝ፤ እሱንም ነገርኳት። በዓይኗ እንኳ አልጠቀሰችኝም። ያኔ ንዴቴ ቀስ እያለ ሲለቀኝ ተሰማኝ። የማንም ዘመድ ሳልሆን፣ ማንንም ሳልለምን፣ የመንግሥት ጠረጴዛ ፊት ቆሜ ስሜ መዝገቡ ላይ ተገኘ።

«እንኳን ደህና መጡ» ብላ ማሽኑ ውስጥ የሚገባውን የመምረጫ ካርድ ሰጠችኝ።

ማሽኑ ፊት ቆሜ ካርዱን ከተትኩ። ከኋላዬ የአቴ ድምፅ ይሰማኛል። ቀለም ቀቢውን ስሙን ጠየቀችው፣ አድራሻውን ጠየቀችው፣ ከዚያ በዚያው ድምፅ «እንኳን ደህና መጡ» አለችው።