ጋሽ ኪዳኔ ለምን አይወርዱም?

እናንተዬ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እንዳትስቁብኝ ግን። መሬት በተንቀጠቀጠ ቁጥር ከሦስተኛ ፎቅ ሮጬ ስወርድ በእጄ ይዤ የምገኘው... የቴሌቪዥን ሪሞት ነው። ስልኬ ቤት፣ ቦርሳዬ ቤት፣ አንዱ ጫማዬ ደረጃ ላይ።

«ምነው እህቴ፣ መሬቱን ቻናል ልትቀይሪለት ነው?» አለችኝ ሰዓዳ። የወሎ ልጅ ናት፤ ግራውንድ ላይ ሱቅ አላት፣ ምላሷም እንደ ሱቋ አይዘጋም።

ጎሮ እኛ ኮንዶሚኒየም በዚያ በንዝረቱ ሰሞን ግቢው ባንዴ ግጥም ይል ነበር። ልጅ የታቀፈ፣ ፎጣ ያገለደመ፣ ፀጉሩ ላይ አረፋ የቀረ... ሁሉም ይወርዳል። ጋሽ ኪዳኔ ብቻ አይወርዱም። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ለተብርሃን ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ከአልጋ አይነሱም። ሰዓዳ «ከሱቄ ጀርባ ያለውን ክፍል ልልቀቅላችሁ» ብትላቸው፣ እትዬ ለተብርሃን «ፀሐይ የማይገባበት አልገባም» ብለው እምቢ አሉ።

ንዝረቱ በረድ ሲል ጋሽ ኪዳኔ ከአራተኛ ፎቅ ኮሪደር ብቅ ይሉና ይጮኻሉ፦ «አይዟችሁ! ስምጥ ሸለቆው እየሰፋ ነው እንጂ ሌላ አይደለም! ጥፍራችሁ እንኳ ከእሱ ፈጥኖ ያድጋል!»

«ጋሼ፣ እሱን ወርደው ያስተምሩን!» ትላለች ሰዓዳ።

«ተማሪዬ እዚህ ናት!»

አንድ ቀን ሾርባ ይዤላቸው ወጣሁ። እንደ ልማዳቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ምሥራቁ ከምዕራቡ እየተላቀቀ ሲሄድ መሀሉ እንዴት እንደሚሳሳ፣ እንደሚሰነጠቅ፣ እንደሚሰምጥ በሁለት እጃቸው አሳዩኝ። ከዚያ መስኮቱ ላይ ያለውን የጤና አዳም ቆርቆሮ አንስተው ጥቁሩን አፈር ቆንጠር አደረጉ።

«ይሄ እኮ ዱሮ እሳት የተፋው ድንጋይ ነው። ዝናቡና ፀሐዩ፣ ሥሩና ትሉ ስንት ዘመን አላምጠውት ነው አፈር የሆነው።»

እትዬ ለተብርሃን በዚያ በተኮላተፈ አንደበታቸው «እኔንም... በዚሁ ትምህርት... አላመጠኝ» አሉ። ሦስታችንም ሳቅን።

ወዲያው አልጋው ራደ። እኔ ወደ በሩ ዘለልኩ። እሳቸው ግን እትዬ ለተብርሃን ላይ ጎንበስ ብለው የአልጋውን ሁለት ጠርዝ ግጥም አድርገው ያዙ። «አንተ ውረድ» አሏቸው እትዬ ለተብርሃን። «ዝም በይ» አሉ ጋሽ ኪዳኔ።

እትዬ ለተብርሃን ባለፈው ሳምንት በእንቅልፋቸው አረፉ። ንዝረት በሌለበት፣ ፀጥ ባለ ማለዳ።

ቀብሩ ላይ ጋሽ ኪዳኔ አፈር በእጃቸው ዘገኑ። ስለ አፈር ወሬ የማያልቅባቸው ሰው... አፈሩን መልቀቅ አቅቷቸው ቁልቁል እያዩት ቆዩ። ሰዓዳ ናት እጃቸውን ይዛ የመለሰቻቸው።

በማግስቱ ከሰዓት ግቢው ውስጥ ድንኳን ሥር ተቀምጠናል። ሻይ በየብርጭቆው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የድንኳኑ ብረት ተንቋቋ። «አትነሱ፣ ውጭ ነን!» አለ አንድ ሰው። እውነትም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሮጥ ጠፋ።

ጋሽ ኪዳኔ ብድግ አሉ። ጋቢያቸው መሬት ወደቀ። ወደ ደረጃው ሮጡ። ወደ ላይ!

«ለተ! መጣሁ! መጣሁ!»

በየፎቁ ሁለት ጊዜ የሚያርፉት ሰው ያን ቀን አንድም ቦታ አልቆሙም። ተከትያቸው ስደርስ ፍራሹ የተነሳበት አልጋ ላይ ጎንበስ ብለው ሁለቱን ጠርዝ ይዘዋል። ባዶውን ብረት።

«ጋሼ...»

«ብቻዋን ትፈራለች» አሉኝ ቀና ሳይሉ። ትንሽ ቆይተው ከሥራቸው ያለውን ርብራብ አዩት... አዩት። ትከሻቸው ወረደ።

«ቆመ?» አሉኝ።

«ቆሟል ጋሼ።»

አልጋውን ግን አልለቀቁም።

ትናንት ሰዓዳ ከሱቋ ጀርባ ያለውን ክፍል ቁልፍ ይዛላቸው ወጣች። «አሁንስ ይውረዱልና፣ አባቴ!» ብትላቸው ወደ መስኮቱ አዩ። «ጤና አዳሙ ፀሐይ ይፈልጋል። ላስብበት» አሉ። ቁልፉን ግን ተቀብለዋል።

ይወርዱ እንደሆነ፣ ወይስ መሬቱ ሲነቃነቅ ዳግም ሽቅብ ይሮጡ እንደሆነ፣ ቀርቤ አይቼ ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ። እኔም ከእንግዲህ ሩጫዬ ወደ አራተኛ ፎቅ ነው... ሪሞቱን ሶፋው ላይ ትቼ።